ዳማከሴ ላብ ያወጣል እንጂ
«ዳማከሴ ቫይረስ ይገድላል» የሚለው ላይ አልስማማም። ደሴ ሰኞ ገበያ ነው ያደግኩት፤ ምች ሲመታን አያቴ ዳማከሴውን ከጓሮ ቀጥፋ በመዳፏ እሽት አድርጋ፣ አረንጓዴ ጭማቂውን ግማሹን በቡና ታጠጣናለች፣ የቀረውን ግንባራችንን ትቀባናለች። ጋቢ ተከናንበን ያልበናል፣ ይሻለናል። ከንፈራችን ላይ የወጣው ቁስል ግን (ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ የሚያመጣው ማለት ነው) ተቀባም አልተቀባም ሳምንት ከምናምን ይቆይ ነበር። ለዚሁ ማስረጃ ብለህ «ታሚፍሉም (የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መድኃኒቱ ማለት ነው) ከዕፅ ነው የተሠራው» ያልከው ወንድሜ፣ ልክ ነህ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን፤ ስታር አኒስ ከሚባለው የቻይና ቅመም ሺኪሚክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ተለይቶ ይወጣና ፋብሪካ ውስጥ ስንት ደረጃ አልፎ ነው መድኃኒት የሚሆነው። ቅመሙን አፍልቶ መጠጣት ታሚፍሉ መዋጥ አይደለም። ዳማከሴውንስ እኔም ዛሬ ድረስ በቡና እጠጣዋለሁ፣ ለሽታው ስል።