«ከዚያስ?» የሚል ሰው አይግባ

እንደኛ ችግር ፈቺ ሕዝብ የለም። ችግር ሲታይ ወዲያው ዘመቻ እንጠራለን፣ ቲሸርትና ኮፍያ እናሳትማለን፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመን ፎቶ እንነሳለን። መሃል ላይ «ከዚያስ?» የሚል ከተገኘ ሟርተኛ ነው። ሻይ አጠጥተን እንሸኘዋለን።

ለዚህ ጥበባችን ሐውልት ይቁም ከተባለ ቦታው አፋር ነው። እንዲያውም ዛፍ ሆኖ በቅሎ ቆሟል። ስሙ ፕሮሶፒስ ነው። አፋሮች ግን «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ። ባለውለታውን የማይረሳ ሕዝብ!

ሲጀመር ሐሳቡ ቅን ነበር። በረሃው ይገፋል፣ ጥላ የለም፣ ማገዶ የለም። ከወደ አሜሪካ አህጉር ድርቅ የማይበግረው፣ ጨዋማ መሬት የማይገደው ዛፍ ተገኘ። በደርግ ጊዜ ተተከለ። ጸደቀ። ኧረ እንዴት አድርጎ ጸደቀ!

እዚህ ላይ ፍየሏን ተመልከቱልኝ። የዛፉ ፍሬ ቢጫ ነው፤ እንደ ባቄላ እሸት ረዘም ይላል፣ ይጣፍጣል። ፍየሏ ትቆረጥመዋለች። ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሆዷ አይፈጨውም። ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ ወንዙ ዳር ከነማዳበሪያው ጣል ታደርገዋለች። ያለ አበል፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ሪፖርት! እንደሷ ያለ የመስክ ሠራተኛ ቀጥረን አናውቅም። በሷና በመሰሎቿ ትጋት ዛፉ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ሣሩ የት ገባ ብሎ መነዝነዝ ነውር ነው። እሾሁ የከብት እግርና የመኪና ጎማ ይበሳል፤ ጎሚስታም ይብላ እንጂ። ጥሻው ውስጥ ጅብ ተመችቶት ይውላል፤ ጅብም የፈጣሪ ፍጡር ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ከመጀመሪያው ያምራል። ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሁን፣ ማኅበራትም ይደራጁ ተባለ። ፕሮሶፒስ ከላይ ሲቆርጡት ደስ ይለዋል፤ ባንድ ግንድ ፈንታ ብዙ ሆኖ ይመለሳል። ከሥሩ መንቀል ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። ፈቃዱን ኪስ ውስጥ ይዞ አጠገቡ ያለውን ግራር መቁረጥ ይቀላል። ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል? መጤው በዛ፣ ነባሩ ግራር ሳሳ። ቀጥሎ ከሰሉ ተከለከለ። አያችሁ? ሦስተኛ መፍትሔ!

«ልትኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች» የሚሉ አይጠፉም። ይበሉ። ኩሉ ግን አንደኛ ኩል ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ነገርን ከነሰንሰለቱ ማየት የሚባል ሥልጠና ለምደናል። አዳራሽ ውስጥ በማርከር ቀስት ይሳላል፤ ከዛፍ ወደ ፍየል፣ ከፍየል ወደ ወንዝ። እረኛው ያንን ቀስት በእግሩ ስንት ዓመት ሄዶበታል። ግን ደብዳቤ ስላልያዘ አበል አይገባውም።

ደቡብ አፍሪካ ዘሩን የሚበላ ጥንዚዛ አስመጥታ ለቃለች። እኛም ጋ ይምጣ የሚሉ አሉ። ይምጣ! ሪባኑ ዝግጁ ነው። ሌላ ምን ምን ትበላለህ ብለን ግን አንጠይቀውም። እንግዳ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅማ።