ሲስተም የለም

ለአንዲት የሞተር መንጃ ፈቃድ ሦስት ወር ሙሉ! እዚህ ሐዋሳ ከአቶቴ ፒያሳ ስመላለስ ለባጃጅ የገፈገፍኩት ብር ጎማ ይገዛ ነበር። የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው አለፍኩ። የተግባሩ ቀን ግን የሰጡኝ ሞተር ፍሬኑ አይይዝም፤ ስምንት ቁጥሩን ስዞር ኮን ነካሁና «ወድቀሃል፣ ሌላ ቀን ና» ተባልኩ። ሌላ ቀን ስሄድ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ሰውየው ስብሰባ ገብቷል። (ምን ዓይነት ስብሰባ ነው ግን የማያልቀው?)

ሄልሜት ገዛሁ። ግዴታ ነውና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ገባሁ፣ ቦሎም ለጠፍኩ። ሞተሯ በረንዳ ላይ አቧራ ትጠጣለች። ትናንት የጎረቤቴ ልጅ ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ያለ ሄልሜት፣ ሁለት ሰው ከኋላ ጭኖ ትራፊኩ ፊት ሽው አለ። ሰላም ተባባሉ እኮ! እኔ በእግሬ።