«የሚያነብልህ ሰው ይዘህ ና»

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትጽፈዋለች፤ ፕሪንት ይደረጋል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ቲተርና ክብ ማህተም ያርፍበታል፤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በስልኩ ፎቶ ያነሳውና ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። መጀመሪያ ላይ ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የስልክና የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ሥዕል ሆኖ ቀረ። ሕግ አጥንቶ የተመረቀ ዓይነ ስውር ወጣት ስልኩን ሲነካ «ምስል» ከማለት በቀር የሚነግረው ነገር የለም። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ መልሱ ያው የለመድነው ነው፦ «የሚያነብልህ ሰው ይዘህ ና»።

ይህች መልስ ታንገበግባለች። ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምትነገረው በትህትና፣ «ወንድሜ» ተብሎ ነው። ግን ምን እንደምታስከትል እናስብ። የሕክምና ማስረጃውን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውን፣ የፍቺ ውሳኔውን፣ የባንክ ሂሳቡን ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ያየዋል። ያ ሰው ጎረቤት ነው፣ የአክስት ልጅ ነው፣ ወይም በር ላይ የቆመ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ቀኑን አሳስቶ ቢያነብለት ይግባኙ የሚያልፍበት ባለጉዳዩ ነው፤ ምስጢሩን ሰፈር ውስጥ ቢያወራበትም የሚሸማቀቀው ባለጉዳዩ ነው።

እዚህ አሜሪካ አንድ የከተማ ወይም የስቴት መሥሪያ ቤት መስማት የተሳነውን ባለጉዳይ «አስተርጓሚህን ይዘህ ና» ቢለው ሕግ ጥሷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ የሚባለውን፣ ለማስፈጸም የተደነገገው የፌዴራል ደንብ በክፍል 35.160 ይህንኑ በግልጽ ይከለክላል። አስተርጓሚውን የሚያመጣውም የሚከፍለውም መሥሪያ ቤቱ ነው። ለዓይነ ስውርም ብቁ አንባቢ፣ ብሬል ወይም ትልቅ ህትመት ማቅረብ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው፤ ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል ቅድሚያ የሚሰማው የባለጉዳዩ ምርጫ ነው። አብሮ የመጣ አዋቂ ሰው የሚያስተረጉመው ባለጉዳዩ ራሱ ከጠየቀና ያም ሰው ከተስማማ፣ ወይም የሰውን ደህንነት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥም ነው። ልጅ ግን ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአስተርጓሚነት አይወሰድም። በየቢሮው ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገን የምንጎትት እኛ ስደተኞች ይህን ደንብ ከማንም በላይ ልናደንቀው ይገባል።

የአሜሪካን የጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲን እንውሰድ። ዓይነ ስውር የሆነ ባለመብት ደብዳቤ ሲላክለት በተራ ህትመት ብቻ፣ ወይም ከተራው ጋር በብሬል፣ በ18 ነጥብ ትልቅ ፊደል፣ በድምፅ ሲዲ፣ ወይም ኮምፒውተሩ በሚያነበው የወርድ ፋይል ይድረሰኝ ብሎ ይመርጣል። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ስልክ ተደውሎ እንዲነበብለትም መጠየቅ ይችላል። አንዴ ከመረጠ በኋላ የሚመጣለት ሁሉ በዚያው መልክ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስም ቅጽ 9000 የሚባል አለው፤ እሱን ሞልቶ የሚልክ ግብር ከፋይ ደብዳቤውን በብሬል ወይም በድምፅ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ከቸርነት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ለሶሻል ሴኩሪቲው አሠራር ምክንያት የሆነው የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ምክር ቤት ካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርቦት የነበረው ክስና እ.ኤ.አ. በ2009 የተሰጠው ፍርድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ አንቀጽ 504 ደንብ ሳይወጣለት 4 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የፌዴራል ቢሮ ገብተው ከ3 ሳምንት በላይ ወለሉ ላይ አደሩበት፤ በዊልቸር የሚሄዱ፣ መድኃኒታቸውን ትተው የመጡ ነበሩ። ደንቡ የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ጉድለት አለ። የአሜሪካው ፍትሕ ሚኒስቴር ስለ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽና ሰነድ ተደራሽነት በየ2 ዓመቱ ሊያወጣ የሚገባውን ሪፖርት ከ2012 በኋላ እስከ 2023 አላወጣም ነበር።

የእኛም አገር ሕግ አላነሰውም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 21 ለሕዝብ የሚወጣ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በሚመች መልክ፣ በጊዜው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይድረስ ይላል። ስለ ሥራ ስምሪት የወጣ አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለን። ነገር ግን ማስታወቂያው ፎቶ ከሆነ ያ አዋጅ ለዓይነ ስውሩ ምን ይጠቅመዋል? ክፍት ቦታው መኖሩን የሚሰማው ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው።

ችግሩ ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለ። ሌላው መዘዝ የድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ናቸው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ከመስፋፋቱ በፊት የተሠሩት እነዚህ ፊደሎች ከላይ ሲታዩ ግዕዝ ናቸው፤ ከሥር ግን ኮምፒውተሩ የያዘው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈበትን ሰነድ ስክሪን ሪደር ሲከፍት «ዋይ፣ ኤክስ፣ ቃለ አጋኖ፣ ቲ፣ የማባዣ ምልክት» እያለ ይቀጥላል። የሚያይ ሰው የተዋበ አማርኛ ያነባል፤ የሚያዳምጥ ሰው ጆሮ ላይ የሚዘንበው ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም የ1990ዎቹን ቅጽ እየከፈቱ፣ ስምና ቀን እየቀየሩ የሚሠሩ ጸሐፊዎች ስላሉ ያው ፊደል ከሰነድ ወደ ሰነድ ይወራረሳል።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲም አማርኛ ሲሆን ነገሩ ይበላሻል፤ ይህን ሳልል ባልፍ አድላዊ እሆናለሁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ዋና ዋና ሰነዶችን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። የሚያኮራ ነው። ይሁንና የእንግሊዝኛው ፒዲኤፍ ርዕሱ፣ ሠንጠረዡ፣ የሥዕሉ መግለጫ ሁሉ ተስተካክሎ ሲወጣ፣ አማርኛው ብዙ ጊዜ እንደ ነገሩ ነው። ተርጓሚው በወርድ ያስረክባል፤ የገጽ ዲዛይን የሚሠራው ባለሙያ ፊደሉ ስለሚበታተንበት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጦ ይለጥፈዋል። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ቢተርፍ እንኳ በሰነዱ ባሕርይ ውስጥ ቋንቋው «እንግሊዝኛ» እንደተባለ ይቀራል። ያን ጊዜ የእንግሊዝኛው ድምፅ የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ሊዘልል ይችላል፤ ዓይነ ስውር የሆነች ኢትዮጵያዊት እናት ከሙሉ ገጽ የሚሰማት ዓመተ ምሕረቱና የስልክ ቁጥሩ ብቻ ይሆናል። ለእንግሊዝኛው የተደረገው ፍተሻ ለአማርኛውም እንዲደረግ መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። ፈታሾቹ አማርኛ አያነቡምና በራሳቸው አይደርሱበትም።

አሁን ወደ ሥራው። ሰነድ ተደራሽ የሚሆነው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከወጣ በኋላ ለመጠገን መሞከር እጥፍ ድካም ነው። መጀመሪያ በዩኒኮድ መጻፍ ነው፤ ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ ሁሉም ይሆናሉ፤ ኒያላና ኢብሪማ ከዊንዶውስ ጋር ይገኛሉ፣ አቢሲኒካ ነፃ ነው። ርዕስን ፊደል በማድመቅና በማተለቅ ብቻ ርዕስ አታድርጉት፤ ወርድ ውስጥ «ሄዲንግ» የሚለውን ስታይል ስጡት። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው 40 ገጽ መመሪያ ውስጥ የሚፈልገውን አንቀጽ የሚያገኘው ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ነው፤ ርዕስ የሌለው ሰነድ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መስማትን ያስገድዳል። ሠንጠረዥን በስፔስና በታብ አትሥሩት። እውነተኛ ሠንጠረዥ አስገብታችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ የርዕስ ረድፍ አድርጉት፤ አለዚያ «12፣ 4፣ ዲግሪ፣ 2» ብሎ ያነባል፣ 12ቱ ደረጃ ይሁን የሰው ብዛት አይታወቅም። ለአርማና ለሥዕል አጭር መግለጫ ጻፉ። ቋንቋውን «አማርኛ» በሉት።

ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ስትለውጡ «ሴቭ አዝ» በሚለው ይሁን። «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚለው የሠራችሁትን ርዕስና ሠንጠረዥ ሁሉ ጥሎት ይሄዳል፤ በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ለመፈተሽ ባለሙያ አያስፈልግም። ከፒዲኤፉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት፦ አማርኛው እንዳለ ከመጣ ቢያንስ ይነበባል፤ ኮተት ከመጣ ፊደሉ የድሮው ነው፤ ኮፒ አልደረግም ካለ ሥዕል ነው። ከዚያም ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር ጭናችሁ አዳምጡት። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ነው፣ ግን ያነባል።

«ማህተም የሌለው ሰነድ ማን ያምነዋል?» የሚለው ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማህተም ያረፈበት ወረቀት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ፎቶውም ይለጠፍ። ከፎቶው ሥር ግን ያው ጽሑፍ ከነደብዳቤ ቁጥሩ ይለጠፍ፤ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አለላት፤ ኮፒ አድርጎ ለመለጠፍ 1 ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ አልፎ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በዲጂታል መንገድ የተፈረመ ፒዲኤፍ ሳይታተም፣ ስካን ሳይደረግ ሕጋዊ የሚሆንበት መንገድ ተከፍቷል። የግድ ስካን መደረግ ያለበት የቆየ ሰነድ ካለ በ300 ዲፒአይ ጥራት፣ ሳይጣመም፣ ጥላ ሳያርፍበት ይነሳ፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ይለቅማል። ውጤቱን ግን ሰው ያርመው። ማህተሙ የሚያርፈው ስምና ኃላፊነት ላይ ስለሆነ በብዛት የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው፤ «ዐ» እና ዜሮም ይምታቱበታል። ነጋሪት ጋዜጣ ስካን ሲደረግ ደግሞ የግራው አማርኛና የቀኙ እንግሊዝኛ በአንድ መስመር ሊቀጣጠሉ ይችላሉ፤ ዓምዶቹን ለይቶ ማስነበብ ያስፈልጋል።

መስማት ለተሳናቸውም ጉዳዩ ይኸው ነው። ቴሌቪዥን ላይ በማዕዘን የሚቆመው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ካልተገኘ ምን ረብ አለው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ባለሙያው አለ። የጎደለው የበጀት መደብ ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሠራተኛ ባይቻል እንኳ በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ወይም በቪዲዮ ስልክ የሚገናኙት አንድ ማዕከል ይቻላል።

ስለ ራምፕ አጭር ነገር ልበል፤ ሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር፤ ብዙ ቦታ የተሠራው ግን ለሰው ሳይሆን ለጋሪ መግፊያ የሚመስል ቁልቁለት ነው። እዚህ አሜሪካ የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፦ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት፣ ለ4 ደረጃ 7 ሜትር ከ20። ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በላይ ከሆነ መሀል ላይ 1 ሜትር ተኩል ሜዳ ማረፊያ ይገባበታል፤ በሩም ሲከፈት 81 ሳንቲ ሜትር ይለቅቃል። ሊፍት የሌለው ኪራይ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ወረዳ ደግሞ አገልግሎቱን ለዚያ ሰው ምድር ቤት ያውርድለት። ኤዲኤም ቢሆን የግድ ሕንፃ አፍርሱ አይልም፤ አገልግሎቱን ሰው ወደሚደርስበት ቦታ ማምጣት ይፈቅዳል።

አንድ ነገር ግን በተራ ጽሕፈት ሥራ አይቃናም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1728 ዓይነ ስውር በውል ላይ ያኖረው ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የተጻፈው እንዳይታለል ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ ሰነዱን በራሱ ጆሮ መስማት ለሚችል ጠበቃና መምህር የራሱን ሂሳብ ለማንቀሳቀስ እንኳ «ምስክር ይዘህ ና» የሚያስብል ሰበብ ሆኗል። ይህን የሚያሻሽለው ምክር ቤቱ ነውና ግፊቱ ወደዚያ መሄድ አለበት።

እስከዚያው ግን መጠየቅ ይቻላል። እዚህ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የከተማ ወይም የስቴት መሥሪያ ቤት ሁሉ የኤዲኤ አስተባባሪ የመሾም ግዴታ አለበት፤ የአማርኛው ሰነድ አልነበብ ካላችሁ ለእሱ ጻፉ። አገር ቤት ደግሞ አዋጅ 676/2002ንና የስምምነቱን አንቀጽ 21 ጠቅሳችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አመልክቱ። የሰነዱን ስም፣ ቁጥርና ቀን፣ የምትፈልጉትንም መልክ፦ የወርድ ፋይል ይሁን፣ ብሬል ይሁን፣ ትልቅ ፊደል ይሁን ለይታችሁ ጻፉ። ማመልከቻውን በ2 ቅጂ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቱበት።