ከርዕሱ ውጪ

ባለፈው ወር በሃያ አንድ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበራችን ጅማ ውስጥ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ በተረኛው ቤት ተሰብስቦ፣ ካህኑ ጸልየው ድፎው ከተቆረሰና ጠላው መቀዳት ከጀመረ በኋላ፣ የባለቤቱ ልጅ ከጓዳ ብቅ ብሎ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት አደለን። በወረቀቱ ራስጌ «የመወያያ ጥያቄዎች» የሚል በደማቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሰባት ጥያቄዎች ተደርድረዋል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሐሳቡም ክፉ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ስኳር ዋጋና ስለ ባጃጅ ታሪፍ ሲወያይ የኖረ ማኅበር ስለ ወንጌል ልወያይ ማለቱ በራሱ ያስመሰግነዋል። እኔን ያናደደኝ ጥያቄዎቹ ጥያቄ አለመሆናቸው ነው።

«ጾም ለመንፈሳዊ ሕይወታችን ያለው ጥቅም ምን ያህል ነው?» ይላል የመጀመሪያው። እስቲ ካህኑ በተቀመጡበት፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሐል ላይ በተቀመጠበት ቤት «እምብዛም ነው» ብሎ የሚመልስ ማን ነው? «በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መሳተፍ ይገባናልን? ለምን?» ይላል ሁለተኛው። መልሱ ቀድሞ ገብቶ የክብር ቦታውን ይዟል፤ «ለምን» የምትለዋ ቃል በር ላይ ቆማ የቀረች ለማኝ ናት። ሦስተኛው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተወሰደው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» የሚለው ነበር፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በማኅበራችን ውስጥ «እኔ እንኳ ጥያቄ የለኝም፤ ትንሽ አስተያየት ነው» ብሎ የሚነሣ አንድ ወንድም አለን። ይህ ሰው «ትንሽ» ሲል ምን ያህል ማለቱ እንደ ሆነ የምንለካው በሰዓት ሳይሆን በቡና ነው፤ አቦሉ ሲቀዳ ይጀምራል፣ በቶናው ወደ ነነዌ ይሻገራል፣ በረካው ሲመጣ «ወደ ተነሣሁበት ልመለስና» ይላል። ቡናን ካነሣሁ ዘንድ፣ ይህቺው ዛሬ ያለ እርሷ ማኅበር የማይበተንባት ቡና እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ገደማ በካህናቱ ዘንድ የእስላም መጠጥ ተብላ ትነቀፍ እንደ ነበር የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። መጀመሪያ «ለምን?» ብሎ ለጠየቀው ክርስቲያን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ ስኒዬን ባነሣሁ ቁጥር ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ያ ሰው ወረቀት የታደለው አይመስለኝም።

ወንድማችንን ግን የሚያስነሣው ቡናው አይደለም፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት ነው። ይህን ተረት እኔም እወደዋለሁ፤ ለጅማ ሰው ደግሞ የቤቱ ያህል ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በጊዜ ቃል ልከው፣ በጊዜ ገብረው፣ ጎረቤቶቻቸው በጦር ሲፈርሱ እርሳቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ይዘው እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖረዋል። በጊዜው የተነገረ ቃል እንዲህ ያደርጋል። የኛ ሰው ግን ተረቱን የሰማው ከወገቡ በላይ ነው፤ መቼና ለማን የሚለውን ትቶ መናገሩን ብቻ ያዘ። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲሻር ደጃዝማችነቱም አብሮ እንደ ተሻረ የነገረውም የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አበው «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሌላ ተረት አስቀምጠውለት ነበር፤ ነገር ግን እርሱን ለመስማት መጀመሪያ ዝም ማለት ያስፈልጋል።

እኔ በበኩሌ መጠየቅ ያቆምኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ መምህር ስለ ቃየንና ስለ አቤል ሲያስተምሩን እጄን አውጥቼ፣ «የኔታ፣ ቃየን ሚስቱን ከየት አገኛት?» አልኩ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ፤ መምህሩ አልሳቁም። «ይህን የምትጠይቀው ሰይጣን ልኮህ ነው» ብለው ጠጠር ባለበት መሬት ላይ አንበረከኩኝ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም አላስነሡኝም። ዛሬ ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የጅማ ክረምት ገብቶ ጉልበቴን በነዘረኝ ቁጥር ሐኪሞቹ እርጅና ነው ይላሉ፣ እኔ ግን የምወቅሰው ቃየንን ነው። ቂሜን የሚያጸናው ደግሞ መልሱ ገና ያኔ በቤታችን ውስጥ የነበረ መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቆጥራቸው 81 መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌ የሴትዮዋን ስም ሳይቀር ጽፎታል፤ አዋን ትባላለች፣ እኅቱም ናት። ይህን ያወቅሁት በአርባ ዓመቴ ነው። ሰይጣን ላከህ ከማለት መጽሐፉን ገልጦ ማየት፣ እርሱም ካልተቻለ «አላውቅም ልጄ፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። እስከ ዛሬ ድረስ በዐውደ ምሕረትም ሆነ በማኅበር ቤት «አላውቅም» የሚል ሰው ስንት ገጠማችሁ? እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ እርሱም የወር መዋጮውን የት እንዳደረሰው ተጠይቆ ነው።

የሚያሳዝነው፣ መጠየቅ ለኛ ከውጭ የመጣ ነገር አለመሆኑ ነው። የሊቃውንቱ አንድምታ ትርጓሜ ራሱ «ስለ ምን ቢሉ» እያለ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል እንጂ የወረቀቱን ሥር በመስመር አይዘጋም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ጃንደረባም በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ቢለው፣ የንግሥት ሕንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ባለሥልጣን መሆኑን ረስቶ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። አሁን ቢሆን «እኔ እንኳ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይጀምርና ፊልጶስ እስከ ጋዛ ድረስ አስተያየቱን ሲሰማ ይሄድ ነበር፤ ውኃውንም ያልፉት ነበር።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ተብሎ ሲነበብ፣ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ ባለበት፣ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡ፣ በማኅበሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ እኔ የምጠይቀው አለኝ» አሉ። ሙስሊም ጎረቤታቸው እናቷ ሞተውባት ለቅሶ ሄዱ፤ ሐዘንተኛዋ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ «አንቺ ካልቀመስሽ አልቀምስም» አለቻቸው። ቀኑ ረቡዕ ነው። የሐዘንተኛዋ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል፣ ረቡዕ መሆኑን አስታውሳ ቅቤ ያልነካው ሽሮ ለብቻ ሠርታላቸዋለች። ሰዓቱን ግን ከየት ታውቀዋለች? ጾም የሚፈታበት ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። «ልጅቷ ሰሐኑን ይዛ ፊቴ ቆመች። ጎረስኩ። እሷም ጎረሰች። እንግዲህ ጾሜን ሻርኩ ወይስ አልሻርኩም? እንቅልፍ አጣሁ እኮ አባቴ» ብለው ወደ ካህኑ ዞሩ።

በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ቀን የተጠየቀው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። ካህኑ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ መስቀላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ያብሰለስለኛል፤ ምክንያቱም ወንድማችን «በዚህ ላይ ትንሽ አስተያየት» ብሎ ተነሣ፣ ከኢያሪኮ መንገድም ጀመረ። ሲቀመጥ ልጁ ሰዓቱን አይቶ፣ «እማማ፣ የርስዎ ከርዕሱ ውጪ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ጥያቄ አራት» አለ። ሴትዮዋ «እሺ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን እንደ ገና አጣፉ። እኔስ ምን አደረግሁ? በዘጠኝ ዓመቴ ያሳየሁትን ድፍረት በስልሳ ዓመቴ አጥቼ ዳቦዬን አላመጥኩ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሙሴ መባሉን ታውቃላችሁ፤ የኛው ሙሴ ውይይቱ እጅግ ጠቃሚ እንደ ነበር ገልጸው፣ የተረፈው ዳቦ ለልጆቻችን በየወረቀቱ ተጠቅልሎ ተሰጠን። የሚመጣው ወር ተረኛ እኔ ስለ ሆንኩ ጽዋውን ተረክቤ፣ ጥያቄዎቹንም እንዳዘጋጅ ታዝዤ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ አስቤ ያዘጋጀሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሴትዮዋን ጥያቄ እንዳለ፣ ሽሮውንም ሰዓቱንም ሳልነካ፣ ጽፌ ለልጁ ላክሁለት። በማግስቱ ማለዳ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ በትሕትና። «ግን መልሱን አላያያዙትም እኮ።»