እርማት፦ ጄሉ ሕይወት የለውም፣ ከአሳማም አይሠራም

ወንድሜ፣ ከአዘዞ የጻፍከውን አነበብኩት። «ራሱን በራሱ የሚገጣጥመው የፔፕታይድ ጄል ሰውነት ውስጥ እንደ ፍጡር ያድጋል፣ የሚሠራውም ከአሳማ ነው» ብለሃል። እዚህ ጎንደርም ይህን የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ጄሉ ሐኪሞች ደም ለማቆም የሚጠቀሙበት ነው። ግን የተባሉት ሁለቱም ነገሮች ልክ አይደሉም።

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ቁራጭ) ሰንሰለት ነው። ለዚህ ጄል በሰፊው የሚታወቀው ራዳ16 የተባለ ፔፕታይድ ያሉት አሚኖ አሲዶች 16 ብቻ ናቸው። የሚሠራው በኬሚካል መንገድ ነው፤ እንስሳ የሚባል ነገር የለበትም።

«ራሱን ይገጣጥማል» ሲባል እንዲህ ነው። የሞለኪውሉ አንዱ ጎን ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል። ስለዚህ ሞለኪውሎቹ ሸሺውን ጎን ወደ ውስጥ ደብቀው ይደረደሩና 10 ናኖሜትር (አንዱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ። ጨው ያለበት ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ደም፣ ክሮቹን ሲነካቸው ደግሞ እርስ በርስ መገፋፋታቸው ይቀንሳል። ክሮቹ መረብ ይሆኑና ውሃውን ይይዙታል። የተዘፈዘፈ ተልባ የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር አስበው። ደም ለማቆም የሚያገለግለው ጄል ውስጥ ፔፕታይዱ 2.5 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። አያድግም፣ አይባዛም። ሥራውን ሲጨርስ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈራርሳል።

የአሳማው ወሬ መነሻ ያለው ይመስለኛል። ከጀላቲንና ከኮላጅን የሚሠሩ ሌሎች ጄሎች አሉ፤ እነሱ ከአሳማ ወይም ከከብት ሊመጡ ይችላሉ። ለእምነትህ ብለህ ከተጨነቅክ ሐኪምህን «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብለህ ጠይቀው። መብትህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የፔፕታይድ ጄሉ የሚያግዘው ቀስ ብሎ ለሚያዥ ደም ነው። ከትልቅ የደም ቧንቧ በኃይል ለሚወጣ ደም አይሆንም።