"ሁሉም ይቆርጣል"

ምላጭ ሁሉ አንድ ነው ያለኝ ሰው ጉንጬን ይይልኝ! የአባቴን የብረት መላጫ ከሳጥን አውጥቼ፣ ሁለት አፍ ያለው ምላጭ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። "የትኛው ይሻላል?" ብዬ ብጠይቀው ባለሱቁ "ሁሉም ይቆርጣል" አለኝ። አልዋሸም፤ ቆረጠኝ።

ፌዘር የሚባለው የጃፓን ምላጭ ስለቱ ለጉድ ነው። እጁ ላልሰከነ ሰው ግን አይሆንም። ለስለስ ይላል የተባለውን የቱርኩን ደርቢ ስሞክር ደግሞ፣ ይሄን ሽቦ ጺሜን ይነጨዋል እንጂ አይላጨውም።

ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፣ አልክድም። በፕላስቲክ መላጫ የለመደ እጅ መጫን ይወዳል። ለዚህኛው የብረቱ ክብደት ብቻ ይበቃዋል። ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል አድርጎ፣ በጺሙ አበቃቀል ቀስ እያሉ መሳብ ነው። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ! አንገቴ በሽፍታ ተሞላ።

በዚህ ላይ የባህር ዳር ሙቀት። ላቡ ቁስሉ ላይ ሲወርድ ሚጥሚጣ የነሰነሱብኝ ነው የሚመስለኝ። ጣና ዳር ነፋስ ልቀበል ብወጣ ጓደኛዬ "ድመት ቧጨረህ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ቤቴ አምስት የተጀመረ ፓኮ ምላጭ ተቀምጧል። የሚፈልግ ካለ ይምጣና ይውሰድልኝ።