ለቦርጬ የሚስማማ ዕቅድ

ነገሩ የተጀመረው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፌ ሳለሁ፣ በእግረኛው መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ኪሎዎን ይወቁ!» ብሎ የጠራኝ ቀን ነው። ሰልፉ ንቅንቅ አልል ስላለ፣ ዝም ብሎ ከመገተር ይሻላል ብዬ ወጣሁበት። ልጁ አጎንብሶ ቁጥሩን አየና «94!» ሲል ድምፁን ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር ትዝም አላለው፤ ከፊቴ የተሰለፉት በሙሉ ዞረው አዩኝ። ከመካከላቸው አንዲት እናት «ተመስገን ነው እንጂ!» አሉ፤ አመስግነውልኝ ይሁን አዝነውልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ማታ ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ክብደትን በኪሎ ይዞ፣ በሜትር የተለካውን ቁመት በራሱ አባዝቶ ማካፈል ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ስለሆነ መልሱ 31.8 ገደማ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት 25 የደረሰውን ሁሉ ከመጠን ያለፈ ክብደት አለው፣ 30 የሞላውን ደግሞ የለየለት ውፍረት ይዞታል ብሎ ስለሚመድብ፣ ከ25 በታች ለመግባት 20 ኪሎ ያህል ማራገፍ ሊኖርብኝ ነው። 20 ኪሎ ማለት አንድ ደህና ጠቦት ነው። ለካስ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዬ እያለከለክሁ የምወጣው በየቀኑ ጠቦት ተሸክሜ ኖሯል።

በማግሥቱ ይህንን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው «ለአንተ የሚስማማህ ኬቶ ነው» አለኝ። ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ እንዳሻህ ትበላለህ፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ስኳር ግን እንዳትነካ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከሐኪም የሚገኝ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና በወጣትነቴ በታመምኩ ነበር። አሠራሩም ሲነግሩት ያምራል፤ ሰውነት ስኳርና ስታርች ሲከለከል፣ ያጠራቀመውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አሟጦ የገዛ ስቡን ወደ ማንደድ ይዞራል። ሰኞንና ማክሰኞን በእንቁላልና በጥብስ በደስታ አሳለፍኩ። ከዚያ ረቡዕ መጣ። ረቡዕ ጾም ነው፤ ዕቅዱ የፈቀደልኝን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ትከለክላለች፣ ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችልኝን በሙሉ ደግሞ ዕቅዱ ይከለክላል። ሁለቱን አስማምቼ ልብላ ብል የሚተርፈኝ ጎመን ብቻ ሆነ። በዚህ ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ጋር መጣላት ስለማይገባኝ ሽሮዬን በሁለት እንጀራ አነሳሁ። ሐሙስ እንደገና ጀመርኩ፤ ዓርብ ደረሰ። ሰውነቴ ስብ ሊያነድ ክብሪት በጫረ ቁጥር የአባቶች ሥርዓት እፍ እያለ ያጠፋበት ጀመር።

«ታዲያ ለምን ደህና አድርገህ አትጾምም?» አለች ባለቤቴ። እውነቷን ነው። ፈረንጆች አሁን በስልክ መተግበሪያ እየተመሩ 16 ሰዓት የሚጾሙትን፣ አያቴ የሁዳዴን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየች ያለ ስልክ ትጾመው ነበር፤ ዕቅድ ነው ያላት ግን አልነበረም። ችግሩ አያቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትቀምሰው ቆሎና የተልባ ውኃ ሲሆን፣ እኔ ግን ከቅዳሴ መልስ የሚጠብቀኝ በያይነቱ መሆኑ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በእኛ ቤት ደግሞ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጡ አልበሰለም ይባላል። በዚያ ላይ ሳምቡሳ አለ፣ ፓስቲ አለ፣ ይባስ ብሎ የጾም ኬክ የሚባል ፈጠራ መጥቷል። ቅቤን ሸኝቶ ዘይት የተቀበለ ሆድ በነፍስ ይጠቀም ይሆናል፤ በኪሎ ግን የሚያተርፈው ነገር አላየሁም።

መስቀል አደባባይም ሞክሬያለሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኝ ከተማ ውስጥ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደረጃ ለደረጃ መሮጥ ምን እንደሚመስል አልተርክም፤ ትንፋሽ ይጠይቃል። አብሮኝ የሚሮጠው ወዳጄ ስንጨርስ ቁርስ ይጋብዘኛል፤ ጨጨብሳ በማርና በቅቤ። በሦስተኛው ሳምንት ሩጫውን ትተን ቁርሱን ቀጠልን።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን «ድርሻህን ለክተህ ብላ» የሚለው ምክር ነው። ይህንን የጻፈው ሰው በየራሱ ሳህን የሚበላ መሆን አለበት። አምስት ሰው ከከበበው ትሪ ላይ የእኔ ድርሻ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማን ያሰምርልኛል? ኅዳር ሚካኤል የባለቤቴ እናት ቤት ተጠርተን ሳለ፣ አስቀድሜ በልቤ አንድ እንጀራና አንድ ብልት ብቻ ብዬ ወስኜ ገባሁ። ውሳኔዬ እስከ እጅ መታጠቢያው ድረስ ጸንቶ ቆየ። እማማ የጠቀለሉትን ጉርሻ ይዘው ተነሡ፤ የሕፃን ልጅ ጡጫ ያህላል።

«እማማ፣ ይተዉኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ብዬ ዋሸሁ።

«አፈር ስሆን፣ ልጄ፣ ይቺን ብቻ።»

እጃቸው አየር ላይ ቆሞ፣ የዶሮው ቁሌት በእጅ አንጓቸው በኩል ወርዶ ወደ ቀሚሳቸው ጥለት ሲያመራ አየሁ። በእኚህ ሴት አፈር መሆንና በእኔ ካሎሪ መካከል ምረጥ መባል ፍርደ ገምድልነት ነው። ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው መጣ፤ ሁለተኛውን ያየች የባለቤቴ ታናሽ እኅት «የእኔስ እጅ ምን አለው?» ብላ ተቀየመች። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

ይህም ሁሉ ሆኖ፣ እራት እየተውኩ፣ ከሥራ በእግሬ እየተመለስኩ፣ በሁለት ወር 4 ኪሎ ቀነስኩ። ደስታዬ አንድ ሳምንት አልሞላም። የቢሯችን ጥበቃ «ምነው ከሱ ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ጎረቤታችን ለባለቤቴ ጠጋ ብላ ስኳሩን እንድታስመረምረኝ መከረቻት። የዕድራችን ዳኛ ብርቱካን አስይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ ቆሜ በሩን ስከፍትላቸው ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ነበር የተረዳችው፤ ሰው ሁሉ ባሏን ጾሙን ታሳድረዋለች እያለ የሚያማት መሰላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እራት መተው ቀረ፣ ቁርሴ ላይ ገንፎ ተጨመረ፤ ገንፎው መሐል የቅቤው ጉድጓድ ነበር። 4 ኪሎው በ20 ቀን ተመለሰ። ጥበቃው አይቶኝ «እልል! አሁን ሰው መሰሉ» አለኝ።

አሁን ከሜክሲኮ ወደ ቡናና ሻይ የሚወስደውን መንገድ ተሻግሮ የተቀመጠ ሌላ ባለ ሚዛን አግኝቻለሁ። የዚህኛው ልጅ ሚዛን ከዚያኛው 3 ኪሎ ይቀንሳል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ከመውጣቴ በፊት ጃኬቴን፣ ቁልፌንና ስልኬን ይቀበለኛል፣ ቁጥሩንም በሹክሹክታ ነው የሚነግረኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እሱ ጋ ነኝ፤ መልስም አልቀበለውም።